የአባቴ ቤት ጡብ፦ የደሴ ግቢ መግቢያን በቅብ ማብራት፣ የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር 20

ዛሬ ቆረጥኩ። ከላሜራው በር እስከ በረንዳው ደረጃ ያለውን የጡብ መግቢያ ቀብቼ ላበራው ነው። ስፋቱ 3.2 ሜትር፣ ርዝመቱ 12 ሜትር። 38 ካሬ ገደማ ይሆናል። ከበሩ ወደ ቤቱ ሽቅብ ነው። ደሴ ላይ ሜዳ የሆነ ግቢ ያለው ሰው የታደለ ነው።

"ለምን ኮብልስቶን አታነጥፍበትም?" የሚለኝ ብዙ ነው። ይህ ግን የአባቴ ቤት ጡብ ነው። አሮጌው ቤት ሲፈርስ እማዬ አንዲት ጡብ ከግቢ እንዳትወጣ ብላ ከለከለች። በኖራ የተገነባ ስለነበር እኔና ወንድሜ ኖራውን አንድ በአንድ እየፈቀፈቅን ለየነው። ከዚያ ግንበኛው አሸዋ ላይ ደረደረው። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው።

ለማብራት ያነሳሳኝ ዝናብ ነው። ጡቡ ሲደርቅ አቧራ ይመስላል፤ ደብዛዛ፣ ግራጫ የነካው። ዝናብ ሲያርፍበት ግን በርበሬ ይመስላል። አንዱ ጥቁር ቀይ፣ አንዱ ብርቱካን፣ አንዱ እሳት የበላው ቡናማ። እማዬ በዘነበ ቁጥር በረንዳ ላይ ቆማ "አየህ፣ ዛሬ ያባትህ ቤት መጣ" ትላለች። ያን ቀለም በጋውንም እንዲቆይ እፈልጋለሁ። ሥራው ይኸው ነው።

የእህቴ ሠርግ ጥር 17 ነው። ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት።

ኅዳር 22

ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ ያሉትን የቀለም መደብሮች አዳረስኩ። አንዱ ሻጭ የእንጨት ቫርኒሽ አውጥቶ "ያው ነው፣ ያበራል" አለኝ። ልገዛው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ያው አይደለም። የእንጨት ቫርኒሽ ደጅ ላይ ፀሐይ ሲመታው ቢጫ ይሆናል። ጡብ ደግሞ ከታች ከመሬት እርጥበት ይስባል። እርጥበቱ ወደ ላይ ሲገፋ ቫርኒሹ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሳ ይረግፋል። ከዚያ በኋላ ያንን ከጡብ ላይ መፋቅ ማለት ሌላ ፍዳ ነው።

ለጡብና ለኮንክሪት የሚሆነው ሲለር የሚባለው ቅብ ነው። እሱም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወደ ጡቡ ገብቶ ውኃን የሚመልስ ነው፤ ሲላንና ሲሎክሴን ከሚባሉት ይሠራል። ጡቡ እንዲተነፍስ ያደርጋል፤ ግን አያበራም፣ ቀለምም አያወጣም። ሌላው አክሪሊክ ነው። ላይ ላዩን ስስ ሽፋን ይሠራል፤ እርጥብ የመሰለውን ቀለም የሚያመጣው እሱ ነው። በተለይ በውኃ ሳይሆን ዛይሊን በሚባለው ማሟሚያ የሟሟው አክሪሊክ ቀለሙን ጠለቅ ያደርገዋል።

ኢንጂነር ጓደኛዬ መሬት ላይ ለተነጠፈ ጡብ የመጀመሪያው ይሻላል ይላል። ለጡቡ ጤና ብቻ ከታሰበ ልክ ነው። እኔ ግን የምፈልገው ቀለሙን ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን መረጥኩ፣ በስሱ ቀብቼ። ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ እንደገና መቀባት እንዳለበትም ተቀብያለሁ።

ደሴ አላገኘሁም። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ባለ 20 ሊትሩን ከ4 ሊትር ዛይሊን ጋር በአይሱዙ እንዲልክልኝ ተስማማን።

ኅዳር 26

ጽዳት። ከጽዱ ሥር ያለው ክፍል አረንጓዴ ሽበት ይዞታል። በረኪና በውኃ አቅጥኜ አፈሰስኩበትና ትንሽ ቆይቼ በጠንካራ ብሩሽ ፈተግሁት። ለቀቀ። ከዚያ ውኃ፣ ውኃ፣ ውኃ።

የዘይቱ ነገር ነው ያስቸገረው። ወንድሜ ባጃጁን የሚያቆምበት ቦታ ላይ የሳፋ አፍ የሚያህል ጥቁር ክብ አለ። የዘይት እድፍ እያለ ሲለር አይይዝም፤ እዚያ ቦታ ላይ እንደ ዓይን ክብ ክብ ባዶ ቦታ እየተወ ይሸሻል። ሳጋቱራ በዱቄት ሳሙናና በትንሽ ሙቅ ውኃ ለውሼ እንደ ሊጥ ደፋሁበት። ላስቲክ አለበስኩት፣ ድንጋይ ጫንኩበት፣ አደረ። ሐሳቡ ሳሙናው ዘይቱን እንዲያላቅቀው፣ ሳጋቱራው ደግሞ እየደረቀ ወደ ላይ እንዲመጠው ነው። ጠዋት ሳነሳው ሊጡ ጠቁሯል፣ ጡቡ ግማሹን ለቋል። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። አሁን እድፉ የሚታየው ለሚያውቀው ሰው ብቻ ነው። ባጃጁ ከዛሬ ጀምሮ ውጭ ያድራል። ወንድሜ ቅር ብሎታል፤ ሥር ካርቶን ካደረገበት ከሠርጉ በኋላ እመልስለታለሁ።

ታኅሣሥ 1

ነጩ ነገር። ጡቡ ላይ እንደ ዱቄት የሚወጣው ጨው ነው። ውኃ በጡቡ ውስጥ ሲያልፍ ጨዉን ያሟሟዋል፤ ፀሐይ ውኃውን ስትወስደው ጨዉ ፊቱ ላይ ይቀራል። ይህን ሳያጠፉ መቀባት ማለት ነጩን መስታወት ሥር ማስቀመጥ ነው።

እኔ መጀመሪያ በውኃ አጥቤው ነበር። ደግ አልሠራሁም። ውኃው ጨዉን እንደገና አሟሙቶ ወደ ጡቡ መለሰው፤ በነጋታው ተመልሶ ወጣ። መጀመሪያ በደረቁ በብሩሽ ጠርጎ ማንሳት ነው የሚሻለው። ዛሬ እንደዚያ አደረግሁ። አንድ ጣሳ ሙሉ ነጭ ዱቄት ወጣ።

የቀረው የኖራ ነው፤ ከድሮው ግንብ የተረፈ። ግንበኛው አባባ "አሲድ አርግበት፣ ይጨርስልሃል" አሉኝ። ለሲሚንቶ ይሆን ይሆናል። ይህ ጡብ ግን የድሮ ነው፣ ለስላሳ ነው፤ ጠንካራ አሲድ ቀለሙን እንዳይበላው ፈራሁ። አቼቶ ከእኩል ውኃ ጋር ቀላቀልኩ። ጡቡን ቀድሜ አረጠብኩት፣ አቼቶው ጠልቆ እንዳይገባ። ኖራው ላይ ሲያርፍ ፊሽ ይልና አረፋ ያወጣል። አምስት ደቂቃ፣ ብሩሽ፣ ብዙ ውኃ።

እዚህ ላይ አደራ የምለው ነገር አለ። በረኪናና አቼቶ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ አይሁኑ። ሲገናኙ የሚያፍን ጋዝ ያወጣሉ። እኔ በመካከላቸው አምስት ቀን አድርጌያለሁ፤ በየመካከሉም በደንብ አጥቤያለሁ።

ታኅሣሥ 4

ጡብ ሳጥብ አንድ ነገር አገኘሁ። ከደረጃው ሥር በሦስተኛው መስመር ካለች ጡብ ላይ የዶሮ እግር አለ። ሦስት ጣት ወደ ፊት፣ አንዷ ወደ ኋላ። ጭቃው ሳይደርቅ ዶሮ ሄዳበታለች፣ ከዚያ ከነዱካዋ ተተኮሰ። ሁለት ዓመት ስረግጣት አቧራ ሞልቷት ነበር። እማዬን ጠራኋት። ጎንበስ ብላ በጣቷ ጭረቱን ተከተለች። ምንም አላለችም። ደጋግማ ዳሰሰችው።

ታኅሣሥ 5

በጡቦቹ መካከል ያለው አሸዋ በውኃ ተጠርጓል። የወንዝ አሸዋ በወንፊት ነፍቼ፣ ሸራ ላይ በፀሐይ አድርቄ፣ በመጥረጊያ ሰገሰግሁት። ከጡቡ አፍ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ እንዲል አደረግሁ። አፍ እስከ ገደፉ ከሞላ አሸዋው ጡቡ ላይ ይወጣና ከሲለሩ ጋር ሻካራ ሆኖ ይጣበቃል። የላላ ቦታ ከቀረ ደግሞ ሲለሩ ወደ ታች ሰርጎ ይባክናል።

ታኅሣሥ 6 እስከ 13

ማድረቅ።

ይህን ሳምንት በአንድ ቃል ላልፈው ነበር። ሥራው ሁሉ ያለው ግን እዚህ ነው። ጡቡን እርጥብ ማስመሰል የፈለገ ሰው መጀመሪያ አጥንቱ ድረስ ሊያደርቀው ግድ ነው።

የሲለሩ መመሪያ "ፊቱ ደረቅ ይሁን" ይላል። የደሴ ጡብ ፊቱ በቀኑ 6 ሰዓት ደረቅ ነው። ሆዱ ግን አይደለም። ከተማችን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በታኅሣሥ ጠዋት ጤዛው እንደ ካፊያ ነው፤ አንዳንድ ቀን ውርጭም አለ። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ላይ፣ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ ጓደኛዬ የራሱን በረንዳ በሦስት ቀን አድርቆ ቀብቷል። ያ ለእኔ አይሠራም።

መፈተኛው ቀላል ነው። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ጥርት ያለ ላስቲክ ጡቡ ላይ አንጥፎ ዙሪያውን በፕላስተር ማሸግ፣ አንድ ቀን መተው። ሥሩ ላብ ካለው አልደረቀም።

ታኅሣሥ 8፦ ላስቲኩ እንደ ድስት ክዳን ወዝቷል።

ታኅሣሥ 10፦ ላይኛው ግማሽ ደህና። ታች፣ የግቢው ቧንቧ አጠገብ ግን ጠብታ አለ።

ታኅሣሥ 13፦ ላይኛው ንጹሕ። የቧንቧው አጠገብ ጭጋግ ብቻ። "በቃ፣ ይበቃዋል" አልኩ። ይህን ቃል ልብ በሉልኝ።

ታኅሣሥ 14

ሲለሩ ደርሷል። አንድ ካሬ ላይ ሞከርኩ፣ የዶሮዋ ጡብ ያለችበት ላይ። 250 ሚሊ ሊትር ጠጣ። ይህ የተጠማ ጡብ ነው። በዚህ ሒሳብ የመጀመሪያው ዙር 9 ሊትር ተኩል አካባቢ ይፈልጋል። ሁለተኛው ከዚያ ያነሰ።

ከደረቀ በኋላ ውኃ ጠብ አደረግሁበት። ድሮ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሳልል ይሰርግ የነበረው ጠብታ ክብ ሆኖ ቆመ። የዶሮዋ እግር ጥቁር ቀይ ሆና ወጥታለች፤ እያንዳንዷ ጥፍር ትታያለች።

ታኅሣሥ 16

የመጀመሪያው ዙር።

ሰዓቱን መምረጥ ትልቅ ነገር ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ጤዛ አለ፣ ጡቡም ቀዝቃዛ ነው፤ መመሪያው ከ10 ዲግሪ በላይ ይላል። ከ6 ሰዓት በኋላ ደግሞ የደጋ ፀሐይ ጡቡን እንደ ምጣድ ታግለዋለች። ሟሟው ቶሎ ይበርርና ሽፋኑ ውስጥ አረፋ ይቀራል። ስለዚህ ከ4 እስከ 6 ሰዓት፣ ከዚያ ደግሞ ፀሐይ ወደ ጦሳ ተራራ አዘንብላ ጥላው ግቢውን ሲይዘው ትንሽ።

ሩሎው የሱፍ ነው፣ ጸጉሩ አጭር። የስፖንጅ ሩሎ ገዝቼ ነበር፤ ዛይሊን እያቀለጠው ቁርጥራጩን ጡቡ ላይ ይተፋል። ከደረጃው ጀምሬ ወደ ኋላዬ እየተራመድኩ ወደ በሩ ቁልቁል ወረድኩ። ሲለሩ በተዳፋቱ እየወረደ መገጣጠሚያው ላይ ይጠራቀማል፤ ያንን ወዲያው በሩሎው መልሶ መዘርጋት ነው። ኩሬ ከሠራ ነጭ ሆኖ ይደርቃል።

ሽታው ከባድ ነው። ተራው የአፍ መሸፈኛ ለዚህ ምንም አይጠቅምም፤ ከሰል ማጣሪያ ያለውን ከመኪና ቀለም ቀቢ ተዋስኩ። ትነቱ እሳትም ይይዛል። ሥራውን በግማሽ አድርሼ ቀና ስል እማዬ በረንዳ ላይ ምድጃ አቀጣጥላ ቡና ልትቆላ ተቀምጣለች! ሩሎውን ጥዬ ሮጥኩ። "እማዬ ተይ፣ እሳት ነው ይሄ!" ረከቦቱንም ምድጃውንም ይዘን በጓሮ በኩል ወደ ማድ ቤት አዛወርን። እጄ ሲንቀጠቀጥ አይታ "አይዞህ፣ ምን ሆነ" እያለች እኔኑ አጽናናችኝ። ለእሷ ቀድሜ መንገር ነበረብኝ። ቤት ውስጥ ሰው ካለ ከሩሎ በፊት ይነገረው።

ላይኛው 8 ሜትር ግሩም ሆነ። የቧንቧው አጠገብ ስደርስ ቆም አልኩ። እዚያ ጭጋግ እንደነበር አስታውሻለሁ። ሠርጉ ደግሞ ወር ቀርቶታል፣ ድንኳን ተካዮቹ እየደወሉ ነው። ቀባሁት።

ታኅሣሥ 17

ነጋ። ወጣሁ። የቧንቧው አጠገብ ሁለት ካሬ የሚያህል ቦታ ወተት የተደፋበት መስሏል።

ጡቡ ውስጥ የቀረው እርጥበት ሊወጣ ሲል ሽፋኑ ያዘው። ታፍኖ ነጭ ሆነ። ጥፋቱ የሲለሩ አይደለም። ላስቲኩ ነግሮኝ ነበር።

ቧንቧውን ፈታሁት። ጎሚኒው አልቆ መሬት ለመሬት ያንጠባጥባል። ስንት ወር እንዲህ ሲያጠጣው ኖሯል! አዲስ ጎሚኒ ገባለት። ነጩን ቦታ ግን ዛሬ አልነካሁትም። ሥሩ እስኪደርቅ ይቆይ።

ታኅሣሥ 24

ሰባት ቀን ጠበቅሁ። ዛሬ ዛይሊን በሩሎ ስስ አድርጌ ነጩ ላይ አሳለፍኩ። አክሪሊክ ጥሩ ጎኑ ይህ ነው፤ በሟሟበት ነገር እንደገና ይሟሟል። ሽፋኑ ለሰለሰ፣ የታፈነው እርጥበት ወጣ፣ ሩሎውን ደጋግሜ ሳመላልስ ወተቱ ፊቴ ላይ እየጠፋ ሄደ። ከሥሩ ያ የበርበሬ ቀለም ብቅ አለ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሥራ እንደዚያች አምስት ደቂቃ ያስደሰተኝ ጥቂት ነው። አንድ የመዳፍ ያህል ቦታ ብቻ እንቢ አለ። ነገ ይደገማል።

ታኅሣሥ 25

ተደገመ። ለቀቀ። በዚያው ቦታ እንደገና ላስቲክ ታሽጓል። ነገ አየዋለሁ።

ታኅሣሥ 26

ላስቲኩ ሥር ምንም የለም። ሁለተኛው ዙር ዛሬ።

ይህን ዙር ሳስብ እንቅልፍ የነሳኝ ተዳፋቱ ነበር። የሚያበራ ነገር ሲረጥብ ያንሸራትታል። እማዬ ዕድሜዋ ገፍቷል፤ ሙሽራዋ በረጅም ቀሚስና በተረከዝ ጫማ እዚህ ላይ ልትሄድ ነው። ለዚህ ተብሎ የተሠራ የፕላስቲክ ደቃቅ ፍሬ አለ፤ እኔ ግን የታጠበ፣ የደረቀና በነጠላ ሁለቴ የተነፋ ደቃቅ አሸዋ ተጠቀምኩ። ሲለሩ ሳይደርቅ ወንድሜ ከኋላዬ በበርበሬ ወንፊት በስሱ ይነሰንሳል፣ እኔ ሩሎውን አንዴ መልሼ አሳልፍበታለሁ። ዓይን አያየውም፣ እግር ግን ያውቀዋል። ብርሃኑ ትንሽ ቀንሷል። ይቀንስ።

150 ሚሊ ሊትር በካሬ ነው የወሰደው። ከ20 ሊትሩ 4 ሊትር ከምናምን ተርፏል፤ ክዳኑን ገጥሜ እሳት ከማይደርስበት አስቀመጥኩት።

ስንጨርስ እማዬ ማድ ቤት ሆና ቡናው ደረሰ አለች። አቦሉን ጠጥተን መጣን፤ ገና ይጣበቃል። ቶናውን ጠጥተን መጣን፤ ጣት አይዝም፣ ግን ለስላሳ ነው። በረካው ላይ እማዬ "ተዉት እስቲ፣ ዓይናችሁን አንሱለት" አለችን።

ለእግር አንድ ቀን፣ ለጎማ ሦስት ቀን። በሩ ላይ ገመድ ወጥሬያለሁ። የጎረቤት ድመት ግን ገመድ አታውቅም። ከበሩ አጠገብ አራት ትናንሽ ዱካ ትታለች። አልነካውም። ዶሮዋ ጓደኛ አግኝታለች።

ጥር 18

ሠርጉ አለፈ። ሰው ሁሉ ረገጠው፣ ጨፈረበት፣ ጠላና ለስላሳ ተደፋበት። ጠዋት በውኃ ብቻ ታጠበ። ድንኳኑ የቆመበት ብረት ሁለት ቦታ ጭሯል፤ በትንሽ ብሩሽና ከተረፈው ሲለር ይሸፈናል። አንድ የእህቴ ሚዜ "አሁን ነው እንዴ ያጠባችሁት?" ብላ ቀሚሷን ሰብስባ በጫፍ በጫፍ ስትሄድ አይቻለሁ።

የካቲት 19

የበልግ የመጀመሪያዋ ዝናብ። ሌሊት ጀምራ እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ዘነበች። ውኃው ጡቡ ላይ እንደ ሜርኩሪ ክብ ክብ እየሠራ በተዳፋቱ ወደ በሩ ይሮጣል። መካከሉ ላይ ያለው አሸዋ አልተነሳም። የቧንቧው አጠገብ ነጭ የለም።

ጫማዬን አውልቄ ከላይ እስከ ታች ሄድኩበት። ይይዛል። በሩ ጋ ሲደርስ ግን የመጨረሻው ግማሽ ሜትር ያንሸራትታል፤ ያን ቀን አሸዋው እዚያ ላይ አልቆብን እንደነበር ወንድሜ አሁን ነገረኝ። በጠመኔ ምልክት አድርጌበታለሁ። ሦስት አራት ደረቅ ቀን ሲገኝ በዛይሊን አለስልሼ አሸዋ እነሰንስበታለሁ። እስከዚያ ማዳበሪያ ጆንያ ተነጥፎበታል።

ዝናቡ ካባራ በኋላ ፀሐይ ወጣች። በረንዳ ላይ ከእማዬ ጋር ተቀመጥን። ውኃው ደረቀ። ቀለሙ እንዳለ ነው።